ይድረስ ለክቡር የተቃውሞ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር የንግድ ምልክት ተቃውሞ ደብዳቤ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በ30ኛው ቀን ማምሻውን ስለመምጣትዎ

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ባለአርማው ወረቀትዎ፣ ግርጌው ላይ የተደረደሩት ጠበቆችዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው?

ብዕር ያስነሣን ሰሞኑን የጎበኟቸው የሁለት ጌም ሠሪዎች ነገር ነው። አንዱ ይሥላል፣ አንዷ ኮድ ትጽፋለች፤ ሦስተኛ ሠራተኛ የላቸውም። የጌማቸው ስም አንድ ተራ የመዝገበ ቃላት ቃል ነው። (ቃሉን እዚህ አልጠራውም፤ ሰምተው እንዳይመጡብኝ።) ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ 350 ዶላር ከፍለው በ9ኛው ክፍል፣ የሚወርዱ ጌሞች በሚመዘገቡበት፣ አመለከቱ። መርማሪው የሚመሳሰል ምልክት አላገኘሁም ብሎ አሳለፈላቸው። ስሙ በቢሮው ጋዜጣ ወጣ፤ ተቃዋሚ ካለ በ30 ቀን ይቅረብ ተባለ።

29 ቀን ጭጭ። በ30ኛው ማምሻውን እርስዎ፣ «ስሙ ከእኔ ምልክት ጋር ይመሳሰላል» ከሚል ትልቅ ድርጅት ተልከው፣ ከች አሉ። ያውም ለመቃወም ሳይሆን፣ ልቃወም ወይስ ልተው እያልኩ ሳሰላስል 30 ቀን ይጨመርልኝ ለማለት። ይህ በነጻ ነው። ቀጥሎ 60 ቀን በ200 ዶላር ገዙ። የመጨረሻውን 60 ቀን ለማግኘት ግን 400 ዶላሩ ብቻ አይበቃም፤ ወይ እጅግ የተለየ ምክንያት፣ ወይ የአመልካቹ ስምምነት ያስፈልጋል። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «በሰላም እንድንጨርስ ጊዜ ብትፈቅዱልን» ብለው ላኩባቸው። ልጆቹም «በሰላም» የምትለዋን ቃል አምነው ፈረሙ። ሰው የሚገረፍበትን አለንጋ ራሱ ገምዶ ሲያቀብል እንዲህ ነው። ጋዜጣው በወጣ በ180ኛው ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳያስተርፉ፣ ተቃውሞዎን አስገቡ። ዋጋው 600 ዶላር፤ ለእርስዎ የምሳ ሒሳብ።

መልስ ለመስጠት የተሰጣቸው 40 ቀን ነው። ካለፈ ስሙ ያለ ክርክር ይወድቃል። መልሱን ቢያስገቡም ገና ጥያቄው አለ፦ ክርክሩን የሚዳኘው የቢሮው ቦርድ እስከ 75 የጽሑፍ ጥያቄ፣ እስከ 75 የሰነድ ጥያቄ፣ እስከ 75 «እመኑ ወይም ካዱ» ይፈቅዳል። በድምሩ 225። ስሙን ማን አወጣው? በስንት ቀን? ሲወጣ እነማን ነበሩ? የተጣሉት ስሞች ዝርዝር ይቅረብ! ክርስትና ያነሣ ቄስ እንኳ እንዲህ አይመረመርም። ከሁሉም መጠንቀቅ «እመኑ ወይም ካዱ» የሚለውን ነው፤ በ30 ቀን ካልተመለሰ እንዳመኑ ይቆጠራል። ጌሙ ላይ ያለ ብልሽት ሲጠግኑ ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች፣ ሌባ መሆናቸውን በዝምታ ፈርመዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርና ልንገርህ። ቦርዱ የሚወስነው ስሙ ይመዝገብ አይመዝገብ የሚለውን ብቻ ነው፤ ካሣ አይፈርድም፣ የጠበቃ ወጪም አያስመልስም። ልጆቹ ቢረቱህ እንኳ ያወጡትን አንዲት ሳንቲም አትከፍልም። ይህን ከመምጣትህ በፊት አስልተኸዋል። ማሸነፍህ ግድም አይሰጥህ፤ ማድከም ይበቃሃል። «ምልክታችንን ካልተከላከልን እናጣዋለን» ትላለህ ደግሞ። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ! አንድን ተራ ቃል አንድ ጌም ላይ አይቶ ዝም ማለት ብቻውን ምልክት አያሳጣም። ያም ቢያስፈራህ፣ «እናንተም በስማችሁ፣ እኛም በስማችን» የሚል የአንድ ገጽ ስምምነት ይበቃ ነበር። ያንተ ረቂቅ 11 ገጽ ነው፤ አንዱ አንቀጽ ስሙን ቀይሩ ይላል፣ ሌላው ለማንም እንዳትተነፍሱ። «የእናት ሽሮ» የሚሸጥ ሰው፣ ልጅ ሁሉ እናቱን ሲጠራ ያስፈቅደኝ ማለቱ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ስም መቀየር ምን አለው ብለው ይሆናል። አርማው ይሣላል፣ ማስታወቂያ ቪዲዮው እንደገና ይቆረጣል፣ መደብሩ በየመጠኑ የሚፈልጋቸው ሥዕሎች ሁሉ ይለወጣሉ። የተጫዋቹ ጉዞ የሚቀመጥበት ፎልደር በጌሙ ስም ከተጠራና በግድየለሽነት አብሮ ከተቀየረ፣ የ40 ሰዓት ጨዋታ ብን ብሎ ይጠፋል፤ የሚሰደቡት ደግሞ ልጆቹ እንጂ እርስዎ አይደሉም። የሚያስቀው ግን ይሄ ነው፦ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ጌሙ መደብር ላይ ከወጣ በኋላ፣ ስሙ የገባበት የውስጥ መታወቂያ አይቀየርም። ያስከለከሉት ስም በጌሙ ሆድ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል። እንኳን ደስ አለዎት።

የቆየውን ቂም ማንሣት ነውር ነው፤ ግን ዘመዶችዎ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቤቴስዳ የሚባል የጌም ድርጅት «ኤልደር ስክሮልስ» የሚል ጌም ስላለው፣ ሞያንግ የሚባለው ሌላ ጌም ሠሪ ጌሙን «ስክሮልስ» አይበል ብሎ ተነሣ። ስክሮል ማለት ጥቅልል ብራና ነው፤ ክታብ የሚጽፉ ደብተራዎቻችን አለመስማታቸው በጀ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ከረሜላ የሚያስደረድረውን ጌም የሠራው ኪንግ «ሳጋ» (የጥንት ጀግኖች ተረክ) የምትለዋ ቃል የእኔ ናት ብሎ «ዘ ባነር ሳጋ» የተባለውን ጌም ተቃወመ። ጌሙ በቫይኪንጎች ዓለም የተቃኘ ነው፤ ቃሉም የነሱው የአይስላንዶች። ኪንግ «ካንዲ» (ከረሜላ) የሚለውንም ሊያስመዘግብ አመልክቶ ነበር። «ፕሬይ ፎር ዘ ጎድስ» የሠሩት ሦስት ሰዎች «ፕሬይ» የሚል ጌም ባለው ድርጅት ምክንያት በ2017 አንዲት ፊደል ለውጠው ተረፉ፤ በእኛ ቢሆን «ሠ»ን በ«ሰ» መተካት ነው።

ማይክሮሶፍት ሞያንግን በ2014፣ የቤቴስዳን እናት ድርጅት በ2021፣ ኪንግን ከነባለቤቱ በ2023 ገዛ። ቤቴስዳና ሞያንግ፣ ከሳሽም ተከሳሽም፣ ዛሬ አንድ ጓዳ ነው የሚበሉት። ከዚህ ሁሉ የጠበቃ ክፍያ፣ ትንሽ መታገሥ ይረክስ ነበር።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ጌም ለሚሠራውማ ከነሐሴ 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሌላ ማጣፈጫ አለ፦ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር አመልካች የግድ የአሜሪካ ፈቃድ ያለው ጠበቃ መያዝ አለበት። እርስዎን ለማንበብ እንኳ በዶላር ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ30ኛው ቀን
ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ የቀረ ቃል ካለ ቶሎ እንዲደብቁት
ለመዝገብ ቤት («ግልባጭ» የሚለውን ቃል ያስመዘገበ ካለ እናነሣዋለን፤ 180 ቀን ብቻ ይሰጠን)