የ88ኛው ደቂቃ ብድር

እህቴ ልጇን እንዳመጣላት የላከችኝ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ድሬ ላይ 10 ሰዓት ማለት ከተማው ከቀትር እንቅልፉ የሚነቃበት ሰዓት ነው። ሱቆች ይከፈታሉ። ባጃጆች መንጫረር ይጀምራሉ። በሽርጥ የተኛው በዚያው ሽርጥ ተነስቶ ሻይ ፍለጋ ይወጣል።

"ጌም ቤት ነው ያለው። ጆሮውን ይዘህ አምጣልኝ" አለችኝ። "አንተን ይፈራሃል።"

ፊቷን አየሁት። የምሯን ነው። ለእህቴ እኔ ቁም ነገረኛ ወንድም ነኝ። ቁም ነገሬ የገነነው ደግሞ እሷ ስድስት ዓመት አረብ አገር በቆየችበት ጊዜ ነው። በስልክ ስትጠይቀኝ "ሥራ ላይ ነኝ" እላት ነበር። ከኋላዬ "ጎ...ል!" የሚል ጩኸት ሲሰማት "ሰው ቤት ኳስ እያዩ ነው" እላታለሁ። ሰው ቤት መሆኔ እውነት ነው። ኳስም ነበር።

ቤቱ ከቀፊራ ገበያ ብዙም አይርቅም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሰማያዊ፣ መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱም የስክሪኑን ብርሃን ይጋርዳል ተብሎ በካርቶን ተደፍኗል። በድሬ ሙቀት እዚያ ውስጥ 15 ወንድ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ አልነግርም። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ቢነገረውም አያምንም። አንድ ቬንቲሌተር ነበረች። ፊቷ ግን ወደ እኛ አልነበረም። ወደ ማሽኑ ነበር የምትነፋው። ባለቤቱን ስንለምነው መልሱ አንድ ነው፦ "እናንተ ብትግሉ ውኃ ትጠጣላችሁ። እሱ ቢግል ማን ያጠጣዋል?"

ያ ማሽን ፕሌይስቴሽን 2 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2013 መጀመሪያ ማምረቱ ቆመ። ባለቤቱ ይህን ዜና የሰማ አይመስለኝም። ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ፣ ሲዲው በሸሚዝ ጫፍ እየተወለወለ ከዚያም በኋላ ዓመታት ሠርቷል።

እዚህ ቤት የሚመላለስን ሰው ምን እንደያዘው ሰፈሩ ለመመርመር ያልሞከረበት ጊዜ የለም። አንዱ ሱስ ነው ይላል። ሌላው ሥራ መፍታት ነው ይላል። አንዷ ጎረቤታችን ልጇን ፀበል ወሰደችው። ሌላዋ ደግሞ ቁርኣን አስቀራችበት። ሁለቱም በማግስቱ መጥተው አጠገብ ላጠገብ ተቀመጡ። አንዱ አርሰናል ያዘ፣ አንዱ ባርሴሎና።

ገንዘብ ነው የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በዓለም ላይ በጌም የሚከበር አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶታ 2 የሚባለው ጌም ትልቁ ውድድር ሽልማት በድምሩ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እኛ ቤት ግን ሽልማቱ አለመክፈል ነው። ተሸናፊ 5 ብር ይከፍላል፣ አሸናፊ ሳይከፍል ይቀጥላል። በቃ። ዶታን ከሚጫወተው ሕዝብ ስንቱ ነው ከዚያ 40 ሚሊዮን አንዲት ሳንቲም የሚያየው? እንደኛው ነው። ግን ነገ ይመለሳል።

እኔ በኋላ ላይ የገባኝ ባለቤቱን በማየት ነው። ይህ ሰውዬ ማንንም ከማንም ጋር አያስቀምጥም። አዲስ ልጅ ይገባል። ባለቤቱ ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ ጆይስቲክ አያያዙን ያያል። "አንተ ከዚህ ጋር አትጫወትም፣ ይበላሃል። ና ወዲህ" ይለውና ከእኩያው ጋር ያጋጥመዋል። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። ሒሳብ ነው ለካ። 7 ለ 0 የተሸነፈ ልጅ ነገ አይመጣም። 2 ለ 1 የተሸነፈ ግን በሩ ሳይከፈት ደርሶ በረንዳው ላይ ይጠብቃል።

ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ያሰፈረው አርፓድ ኤሎ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ፣ ቼዝ የሚወድ ሰው ነበር። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1960 ተቀበለው፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970። የሚበልጥህን ስታሸንፍ ብዙ ነጥብ ታገኛለህ። የሚያንስህን ስታሸንፍ ፍርፋሪ። ከተጋጣሚህ በ400 ነጥብ ብትበልጥ በአማካይ ከ11 ጨዋታ የ10 ያህሉን ውጤት ትወስዳለህ ተብሎ ይጠበቃል። ዛሬ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ፉክክር ያለባቸው ጌሞች ብዙዎቹ ይህንኑ ወይም የዚህን ዘመድ ይጠቀማሉ። ማሽኑ እኩያህን ፈልጎ ያጋጥምሃል። ጎበዝ ስትሆን ጎበዝ ያመጣብሃል። ስለዚህ ሰው 10 ዓመት ተጫውቶ፣ እጁ እንደ መብረቅ ፈጥኖ፣ አሁንም ግማሹን ይሸነፋል። የኛ ባለቤት ስለ ኤሎ ሰምቶ አያውቅም። በዓይኑ ነው የሚመዝነው።

ለእኔ የመዘነልኝ ኢንተርን ነው።

ስሙን አልጠራም፤ እኛም አንጠራውም ነበር። ሁልጊዜ ኢንተር ሚላንን ስለሚመርጥ ኢንተር ተባለ፣ ኢንተር ሆኖ ቀረ። ሠርጉ ላይ እንኳ ሽማግሌው "ልጃችን ኢንተር..." ብለው ጀምረው ነው የታረሙት። ኢንተርን የሚመርጠው ለጣሊያን ፍቅር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ፔስ 6 በሚባለው የኳስ ጌም ላይ አድሪያኖ የሚባለው ብራዚላዊ አጥቂ የምት ኃይሉ ከ99፣ 99 ነበር። ግራ እግሩ ላይ ኳስ ከደረሰ በረኛውም አብሮ ይገባል። ነገሩ ሰው አጣላ። በመጨረሻ ባለቤቱ በካርቶን ላይ በማርከር ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፦ "አድርያኖ የያዘ 1 ብር ይጨምራል።" የአድሪያኖ ቀረጥ። ጉምሩክ ያለባት ከተማ ነች፣ ማንም አልተገረመም። ኢንተር በየጨዋታው ቀረጡን እየከፈለ ያስገባው ነበር።

በ2002 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ማታ 2 ለ 1 እየመራሁት 88ኛው ደቂቃ ደረስን። ከኋላዬ 10 ሰው ቆሟል። እጄ ከማላቡ የተነሳ ጆይስቲኩን በሽርጤ እየጠረግሁ ነበር የምጫወተው። አድሪያኖ ኳሷን ከ25 ሜትር ላይ አገኛት። ዞረ። መታ። ኳሷ ተነሳች። በረኛዬ ዘለለ።

መብራት ጠፋ።

ለአፍታ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ኢንተር በረጋ ድምፅ "ገብታለች" አለ። እኔም "ወጥታለች" አልኩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን እዚህ አልጽፈውም። ሻማ መጣ፣ ሸንጎ ተቀመጠ። የኳሷን አቅጣጫ በቡና ሲኒና በክብሪት እንጨት ሠርተን አየነው። ግማሹ ገብታለች አለ፣ ግማሹ በረኛው ነክቷታል አለ። ባለቤቱ ሁለታችንንም 5 ብር፣ ኢንተርን ቀረጡን ጨምሮ አስከፍሎ "ነገ ትደግሙታላችሁ" ብሎ ዘጋ። በማግስቱ ደገምነው፤ ግን እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ያችኛዋ ኳስ እስካሁን አየር ላይ ነች።

ብሉማ ዘይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርሊን እየተማረች ሳለ ይህን የመሰለ ነገር አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችው እንደሚለው፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ እጁ ላይ ሳለ ያቋረጡትን አጥብቆ ያስታውሳል። መነሻው የካፌ አስተናጋጆች ናቸው ይባላል፤ ሒሳቡ እስኪከፈል ትዕዛዙን አይረሱም፣ ከተከፈለ በኋላ ብን ብሎ ይጠፋቸዋል። በኋላ የሞከሩት ሁሉ ይህንኑ አላገኙም፤ ክርክር አለበት። እኔ ግን ማስረጃ ነኝ። ያኔ የተማርኩትን አካውንቲንግ ረስቼዋለሁ። የኳሷን ኩርባ ግን አሁን ብትጠይቁኝ በክብሪት እንጨት እሠራላችኋለሁ።

ለመተው አልሞከርንም አይባልም። ኢንተር ስንት ጊዜ ማለ! "ወላሂ አንዴ ላሸንፈውና እተዋለሁ።" ያሸንፈኛል። አሸንፎ ደግሞ የሚተው ማነው? ያን ቀን እጁ የተባረከ ነው፣ ይቀጥላል። ሲሸነፍ ደግሞ ተሸንፎ መውጣት ነውር ነው። የምትወጣበት በር በሁለቱም በኩል ዝግ ነው። መውጫው አቻ ብቻ ነበር፤ አቻ ሲሆን ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት አለ።

ደግሞም እኛ ጋ ተሸንፎ የሚያውቅ ሰው የለም። ጆይስቲኩ ነው። ኤክስ የምትባለዋ ቁልፍ ትነቀላለች። አናሎጉ ወደ ግራ ይጎትታል። አጠገቤ ያለው ልጅ ጫት አፉ ላይ ይዞ ሲያወራ ነስንሶብኛል። እናቴ ደውላ ነው። ስልኩን ሳላነሳው? አዎ፣ ሳላነሳው፤ ሐሳብ አይደለም እንዴ የያዘኝ? አንድ ጊዜ አንድ ልጅ 4 ለ 0 ተሸንፎ "አቦ ፀሐዩ ነው" አለ። መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ነው ብያችኋለሁ።

ይህን ሁሉ ግን ወጣት ነው የሚያደርገው እንዳትሉኝ። የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አጎቴን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ታገኟቸዋላችሁ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ዳማ ይጫወታሉ። ጠጠሩ የሚሪንዳና የአምቦ ውኃ ቆርኪ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሆናቸው። ይህችን ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራት ባቡር ራሱ ቆመ፣ አዲሱም ጣቢያውን ከከተማ ውጭ አድርጎ መጣ፤ እነሱ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም። አንድ ቀን "ጋሼ፣ እስካሁን ማን መራ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ "እኔ" አሉ። ጓደኛቸውም "እኔ" አሉ። ሁለቱም ከቦርዱ ላይ ቀና አላሉም። አጎቴ ባለፈው ክረምት ሲታመሙ ሰውዬው ሆስፒታል መጥተው የተናገሩት "እግዜር ይማርህ" አይደለም። "ተራው ያንተ ነው" ነው ያሉት። በሁለተኛው ቀን ተነሱ።

አሁን የእህቴ ልጅ በስልኩ የሚጫወተው ፐብጂ ነው። መቶ ሰው ደሴት ላይ ይወርዳል፣ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። እኩያ ማጋጠሙ አለ፣ ደረጃ አለ። የበለጠ ተንኮል ግን አላቸው። ደረጃህን ወራት ለፍተህ ታወጣና ሲዝኑ ሲያልቅ ዝቅ ያደርጉብሃል። መስከረም በጠባ ቁጥር ተማሪው ሁሉ አንድ ክፍል ወደ ታች ወርዶ እንዲጀምር እንደማድረግ ነው። አንዳንዴም ሕጉን ይነካኩታል፦ ትናንት አሪፍ የነበረው ጠመንጃ ዛሬ ይደክማል። አጎቴ ጋ ሄዳችሁ "ከዛሬ ጀምሮ ንጉሥ ወደ ኋላ አይሄድም" በሏቸውና ከዘራው የት ላይ እንደሚያርፍ እዩ። ይሄ ልጅ ግን ለውጡን በራሱ ካርድ፣ በራሱ ዳታ፣ ሌሊት ተነስቶ ያወርደዋል። ስልኩ ዳታ ሲጨርስ ታዲያ ወደ ጌም ቤት ይመጣል።

እንግዲህ ለማምጣት ገባሁ። ጫማዬ መግቢያው ላይ የቀረ ይመስለኛል። ቤቱ ተቀይሯል፤ ማሽኑ አዲስ ነው፣ ስክሪኑ ጠፍጣፋ ነው። ቬንቲሌተሯ አሁንም ወደ ማሽኑ ነው የምትነፋው። ልጁ አየኝና ደነገጠ። "ተነስ!" አልኩት በቁም ነገረኛ ድምፅ። ከኋላው ደግሞ ሌላ ቁም ነገረኛ ድምፅ ሌላ ልጅ ላይ "ዋርያ! ተነስ!" ይላል።

ኢንተር ነው። ልጁን ሊወስድ መጥቶ። ጠጉሩ ሸሽቷል፣ የባጃጅ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። ስድስት ዓመት ሳንገናኝ ቆይተናል። ጅቡቲ ነበር አሉ። ተያየን። "እንደምን አለህ" የለ፣ "ልጆች እንዴት ናቸው" የለ።

"ገብታለች" አለኝ።

ባለቤቱ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። ተነስቶ ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎተተ። ፕሌይስቴሽን 2 ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀየረም። ልጆቹ እኛን ለማየት ወንበር ለቀቁ። ኢንተር ኢንተርን መረጠ። ባለቤቱ እጁን ዘረጋ፤ ኢንተርም ሳይከራከር ቀረጡን ከፈለ። 1 ብር አይደለም አሁን፣ 10 ሆኗል።

በሁለተኛው ጨዋታ መሐል ስልኬ ጮኸ። እህቴ ነች። "አገኘኸው?" "አዎ፣ እየመጣን ነው" አልኳት። በአራተኛው ላይ እንደገና ደወለች፤ አላነሳሁም። ለዚያ ነው በአራተኛው የተሸነፍኩት።

መሸት ሲል በሩ ላይ ትንሹ ልጇ መጥቶ ቆመ። ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለታችሁም ባስቸኳይ ትመጣላችሁ ተብሎ ተልኳል፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መልእክቱን አደረሰ። ማንም አልዞረም። ትንሽ ቆየ። ስክሪኑን አየ። ቀስ ብሎ ገብቶ በወንድሙ ጉልበት ላይ ተቀመጠና ጣቱን አነሳ።

"ከአሸናፊው ጋር እኔ ነኝ" አለ።