ስንት ሰው ከፈለህ?

ሰሞኑን በአንድ የስታርታፕ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ “ኢንቨስተር የሚገዛው ታሪክ ነው፤ ደንበኛ በኋላ ይመጣል” አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔን ግን እስካሁን እንደ እሾህ ይወጋኛል። በኋላ ይመጣል? ከየት? ማን ልኮት?

ሦስት ቀን ሙሉ የተሠራው ስላይድ ብቻ ነው። አንዱ ወጣት የስላይዱን ቀለም ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀይር አጠገቡ ነበርኩ። “እስካሁን ስንት ሰው ከፈለህ?” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና “እሱን ገና አልጀመርንም” አለኝ። የገቢው ግራፍ ግን አምስተኛው ዓመት ላይ ደርሶ ሽቅብ እየተወነጨፈ ነው።

አሠልጣኙ ለማስረጃ የጠሩት ደግሞ ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበትን ድረ ገጽ፣ ኤርቢኤንቢን ነው። ምነው ሌላ በጠሩ! እ.ኤ.አ. በ2008 መሥራቾቹ ለ7 ኢንቨስተሮች “150 ሺህ ዶላር ስጡንና የድርጅቱን 10 በመቶ ውሰዱ” አሉ። 5ቱ እምቢ አሉ። 2ቱ መልስ እንኳ አልሰጡም። ታሪኩማ ነበራቸው፤ የሚገዛ ጠፋ እንጂ። ታዲያ ምን አደረጉ? ስላይድ አሳመሩ? የለም። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ምርጫ ዕጩዎች ስም የቁርስ ሲሪያል ካርቶን አሳተሙ፣ በገዛ እጃቸው እያጣበቁ አንዱን በ40 ዶላር ቸበቸቡት። 30 ሺህ ዶላር ገደማ አገኙ። ለጀማሪ ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጠው የዋይ ኮምቢኔተር ተባባሪ መሥራች ፖል ግርሃም ሐሳባቸውን አልወደደውም ነበር። ልቡን ያሸነፈው ያ ካርቶን ነው። ቀጥለውም ኒውዮርክ ድረስ ሄደው የአከራዮቹን ቤት እየዞሩ ፎቶ አነሱ። ይህ ሁሉ ሽያጭ ነው። በር ማንኳኳት ነው። ከዚህ ውስጥ “ደንበኛ በኋላ” የሚለው የቱ ጋ ነው?

“ያለ ገንዘብ ምን ይሠራል?” የሚል አይጠፋም። የአጫጭር ቪዲዮ መተግበሪያው ክዊቢ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ይዞ በ2020 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። የኢሜይል ማስታወቂያ መላኪያው ሜይልቺምፕ በ2001 ተጀምሮ፣ ከኢንቨስተር ሰባራ ሳንቲም ሳይወስድ፣ በ2021 በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። መድኃኒት ወይም ቺፕ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ይፈልጋል፤ እሺ። የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ግን ምን ሰበብ አለው?

ገንዘብ ማሰባሰብን እናስተምር ከተባለም በወጉ ይሁን። ሴፍ የሚባለው ውል ከ2013 ጀምሮ አለ። ገንዘቡን ዛሬ ትወስዳለህ፣ አክሲዮኑ በሚቀጥለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዙር ይሰላል። ስሌቱ ውስጥ የድርጅቱ ዋጋ ከዚያ በላይ እንዳያልፍ የሚደረግበት ልክ ጣሪያ ይባላል። አዲሱን ገንዘብ ባካተተ የ5 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ 500 ሺህ ከወሰድክ 10 በመቶው ከእጅህ ወጣ። በዚያው ጣሪያ ሌላ 500 ሺህ ብትጨምር ሌላ 10 በመቶ ሄደ። ፊርማ እንጂ ገና አክሲዮን ስለሌለ መሥራቹ ምንም የሰጠ አይመስለውም፤ የሚባንነው ቀጣዩ ኢንቨስተር ሲመጣ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ይህችን ስሌት በነጭ ሰሌዳ ላይ የጻፈ አንድ ሰው አላየሁም።

እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፕ አስዘጋለሁ። ስልክ ይውጣ፣ ለ20 ሰው ይደወል፣ ዋጋ ይጠራ። “አልፈልግም” የሚለውን ድምፅ አዳራሽ ውስጥ መስማት ይሻላል፤ እዚያ ገና ደመወዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ የለም።

ያ ወጣት በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። ቀለሙ ግን አምሮለታል። ሰማያዊ ነው የመረጠው።