አንተም ተው፣ አንተም ተው

ሽምግልና የኛ ብቻ ሀብት ይመስለን ነበር። የአሜሪካ ፖለቲከኛ ሲሸመግል ያላየ ሰው ግን ሽማግሌ አየሁ ባይል ይሻለዋል። ሌባ በር ሰብሮ ሲገባ ቢያዝ፣ «አንተም በር ነበረህ፣ እሱም መዶሻ ነበረው፤ ይቅር ተባባሉ» የሚል ጨዋ ከወዴት ይገኛል?

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው፤ በነሱ 2017። ቡሄ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ቨርጂኒያ፣ ሻርለትስቪል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጮች ማታ ችቦ ለኩሰው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገቡ። ችቦው ጓሮ ውስጥ ቢምቢ ለማባረር የሚሸጠው ነው። ሙልሙል አልጠየቁም፤ «አይሁዶች አይተኩንም!» እያሉ ነበር የሚጮኹት። በማግስቱ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የባሪያ ፈንጋዩን ደቡብ ጦር የመራው የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት አይነሳም ብለው ከተማ ወጡ፤ የናዚ ባንዲራ የያዘም ነበረባቸው። ከመሃላቸው አንዱ መኪናውን ሊቃወሟቸው በወጡት ሰዎች ላይ ነዳው። የ32 ዓመቷ ሄዘር ሄየር ሞተች።

ሽምግልናው ከዚህ ይጀምራል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዚያኑ ዕለት ጥላቻውንና ሁከቱን «ከብዙ ወገን» ብለው አወገዙ፤ ያልሰማ እንዳይኖር «ከብዙ ወገን» ሲሉ ደገሙት። ከሁለት ቀን በኋላ ኩ ክላክስ ክላን የሚባለውን የነጭ ዘረኞች ማኅበርና ኒዮ ናዚዎችን በስማቸው ጠሩ፤ ከወረቀት ላይ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ተቀመጠና «በሁለቱም ወገን በጣም ጥሩ ሰዎች ነበሩ» ሆነ። (ናዚዎቹን ማለቴ አይደለም ብለዋል፤ ይመዝገብላቸው። ከናዚ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ ጥሩ ሰው ሆኖ ማደር ግን እንዴት ያለ ጽናት ነው!)

ሙያውን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ግፍ ይሆናል። የመግለጫ ጸሐፊዎቹን ሰዋስው ተመልከቱልኝ፦ ጥላቻ ታየ፣ ውጥረት ነገሠ፣ ሕይወት አለፈ። ያሳየ የለ፣ ያነገሠ የለ፣ የገደለ የለ። የኛ ባለቅኔ ሰሙን የሚያቀልጠው ወርቅ ሊያወጣ ነው፤ እነዚህ ግን ሰም ብቻ አቅልጠው ሙሉ ጉባኤ ያስጨበጭባሉ።

የነዚህ ሽማግሌዎች ሌላው ምክር፣ ዘረኞች ሲሰለፉ «ቤታችሁ ተቀመጡ፣ አትዩዋቸው» ነው። የቦስተን ሰው ይህን ሳይሰማ ቀርቶ፣ ልክ በቡሄ ቀን በአስር ሺዎች ሆኖ ወጣ። እዚያ ሊሰበሰቡ የመጡት ጥቂት ደርዘን ሰዎች ሳይመሽባቸው ተበተኑ። ምን ዓይነት ስድነት ነው!

ከሁሉም ግን የማዝንባቸው የፖርትላንድ ዳኞች ናቸው፤ በችሎት ለፍርድ የተቀመጡት ተራ ዜጎች። በነሱ አቆጣጠር በ1988 እዚያ ከተማ ኢትዮጵያዊውን ሙሉጌታ ሥራውን ቆዳ ራሶች የሚባሉት ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ገደሉት። በ1990 ጉዳዩ ፊታቸው ሲቀርብ፣ «ከብዙ ወገን» የምትል ወርቃማ ቃል እንዳለች እንኳ የነገራቸው አልነበረም። ዱላ የያዙት አልበቃ ብሏቸው፣ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ የሚያነሳሳውን ቶም ሜትዝገርን ከነስሙ ጨምረው፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ።