ፎቶው በነጻ፣ መጽሐፉ በኦንላይን፤ መደብሩስ በምን ይኑር?

ሰሞኑን በተጓዦች ዘንድ አንድ ቅሬታ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። በፖርቱጋሏ ፖርቶ ከተማ ያለው፣ በቀይ ደረጃው የታወቀው ሌሎ መጻሕፍት መደብር በር ላይ የመግቢያ ትኬት ማስቆረጡ ስግብግብነት ነው፤ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት፤ ፎቶ የሚያነሳው ጎብኚማ ጭራሽ በነጻ እያስተዋወቀው ነው ይላል። ብዙዎች አዎ ብለው አለፉት። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ማስታወቂያ የሚባለው ገዢ የሚያመጣ ነገር ነው። ደረጃ ላይ ቆሞ የተነሳ ፎቶ የሚያመጣው ሌላ ፎቶ አንሺ ነው። ሌሎ እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተ ቤት ነው። የቀዩ ደረጃ ዝና ሲናኝ፣ የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ የአስማት ዓለሟን የቀዳችው ከዚህ ነው የሚል ወሬም ሲታከልበት (በ2020 ደራሲዋ ራሷ እግሬ ረግጦት አያውቅም ብላለች) ሰዉ በሩ ላይ ይጋፋ ጀመር። ይህን ሁሉ «ማስታወቂያ» ያገኘ መደብር በ2015 መግቢያ ማስከፈል ለምን አስፈለገው? አማራሪዎቹ ደግሞ አውቀው የሚዘሉት ነገር አለ፤ የትኬቱ ዋጋ መጽሐፍ ሲገዛ ከሒሳብ ላይ ይቀነሳል። መጽሐፍ ፈልጎ የገባ ሰው ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ ሳንቲም አላወጣም። የሚከፍለው ደረጃውን ሊያይ የመጣው ነው። ሙዚየም በር ላይ ሳያጉረመርም የሚከፍል ሰው እዚህ ሲደርስ ኪሱን የሚያመው ለምንድን ነው?

ነገሩ የሚገባው ሒሳቡን ለሚያሰላ ነው። ሽፋኑ ላይ 20 ዩሮ የታተመበትን መጽሐፍ ውሰዱ፤ ቀረጡን ለጊዜው እንተወው። ባለመደብሩ ከአሳታሚ ወይም ከአከፋፋይ የሚያገኘው ቅናሽ እንደ አገሩና እንደ ጉልበቱ ይለያያል፤ ትንሽ መደብር 40 በመቶ ካገኘ ደህና ተደራድሯል ማለት ነው። 12 ዩሮ ለአከፋፋዩ ሄደ፣ 8 ዩሮ ቀረ። ከ8ቱ ላይ ኪራይ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ መብራት አለ፣ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን አለ። መጨረሻ ላይ 1 ዩሮ ከተረፈ እሰየው ነው።

አሁን ፎቶ አንሺው ይግባ። ከጠረጴዛው ላይ ስስ ሽፋን ያለውን አንዱን ያነሳል፤ መሐሉን ገልጦ ጠፍጣፋ እስኪሆን በመዳፉ ይጫነዋል፤ መስኮቱ ጋ ብርሃን ያለበት ያስቀምጠዋል። የእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ በሙጫ የተያዙ እንጂ የተሰፉ አይደሉም። ሲለጠጥ ሙጫው ይሰነጠቃል፤ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ገጾቹ ከመሐል መላቀቅ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ማን አዲስ ብሎ ይገዛዋል? ያልተሸጠ መጽሐፍ ለአሳታሚ የሚመለስበት አሠራር በብዙ አገር አለ፤ የሚመለሰው ግን ንጹሑ ብቻ ነው። የተሰበረውን ባለመደብሩ ይታቀፈዋል። 12 ዩሮ ከሰረ። በ1 ዩሮ ትርፍ ያንን ለመተካት 12 መጻሕፍት መሸጥ አለበት። ይህ ነው እንግዲህ ነጻው ማስታወቂያ!

በኦንላይን ይረክሳል የሚሉም አሉ። መጽሐፉን አገላብጠው፣ ሠራተኛዋን አማክረው፣ ባርኮዱን በስልካቸው ይዘው ይወጣሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ከሆኑ ልፋታቸው ከንቱ ነው። ከ1981 ጀምሮ በወጣው ሕግ የአዲስ መጽሐፍን ዋጋ የሚወስነው አሳታሚው ነው፤ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አይቻልም። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ ከ35 ዩሮ በታች የሆነ የመጽሐፍ ትእዛዝ ቤት ድረስ ሲላክ ቢያንስ 3 ዩሮ ይከፈልበታል። ጀርመንም የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ በሕግ የተቆረጠ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ይረክሳል፤ እሺ። የረከሰውን ያህል የከፈለችው ግን ያቺ ያማከረቻቸው ሠራተኛ ናት።

ሌላው የሚያናድደኝ በየጊዜው የሚወጣው የ«ውብ የግል መጻሕፍት መደብሮች» ዝርዝር ነው። የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ኤል አቴኔኦ ግራንድ ስፕሌንዲድ ሳይጠቀስ አያልፍም። በ1919 የተከፈተ ቲያትር ቤት ነበርና ማማሩን ማንም አይክድም፤ ግን የግል ሳይሆን የትልቅ ሰንሰለት፣ ማለትም ብዙ መደብሮች ያሉት ኩባንያ ቅርንጫፍ ነው። እንግሊዝ ውስጥም ዋተርስቶንስ የተባለው ትልቅ ሰንሰለት በራሱ ስም ሳይሆን በከተማው ስም የከፈታቸው ትንንሽ ሱቆች አሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ፣ ከዚያ የዚያው ከተማ ትንንሽ አሳታሚዎች ሥራ መደርደሪያው ላይ መኖሩን ማየት። ሰንሰለት በጅምላ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጥለው እነሱን ነው።

ምን ይገዛ? መደብሩ ራሱ ያሳተመውን። በ1953 የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮው ሲቲ ላይትስ መጻሕፍት መደብር ከ1955 ጀምሮ አሳታሚም ነው፤ የራሱን ሲሸጥ መሐል ላይ የሚወስድበት ያንሳል። ያገለገለ መጽሐፍም እንዲሁ፤ ትርፉ ከአዲሱ ይሻላል። ቋንቋውን አላውቅም የሚል የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ የከተማውን ካርታ ወይም የፎቶ አልበም ይግዛ። ሻንጣ አይችልም የሚለው ሰበብ ደግሞ ሚዛን ላይ አይቆምም፤ ስስ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በአማካይ ከ300 እስከ 400 ግራም ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 1 ኪሎ ገደማ። ከ2 ኪሎ የሚያልፈውን አልበም ብዙ መደብሮች በፖስታ ይልካሉ፤ የመላኪያውን ከፍሎ አድራሻ መስጠት ነው።

ፎቶ የግድ ካስፈለገ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ይሂድ። መጀመሪያ ይግዛ፣ ደረሰኙን ይያዝ፣ ከዚያ ይጠይቅ። እምቢ ካሉት ስልኩን ኪሱ ይክተት።