ከሰል ያለ ቫት፣ መብራት ከነቫቱ

ደሴ ሐምሌ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሰፈሩን ሲያለብሰው፣ በየደጃፉ የከሰል ምድጃ መርገብገብ ይጀምራል። እኛ ግቢ አምስት ቤተሰብ ነው የምንኖረው፣ ሁላችንም ተከራይ ነን። ቆጣሪው ግን አንድ ነው።

በረንዳው ጥግ ላይ በአሮጌ ነጠላ የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። የጎረቤቴ ነው። ከገዛችው ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የጋገረችበት ግን ጥቂት ወር ብቻ ነው። አከራያችን «ምጣድ መሰካት ይቅር» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ቢል በመጣ ቁጥር ማን ስንት ይክፈል በሚለው ጭቅጭቅ መሀል መቆም ሰልችቷቸው ነው። እሷም ወደ እንጨትና ቅጠሉ ተመለሰች። ለወጡና ለቡናው ከሰኞ ገበያ ከሰል ታስመጣለች። ስትጋግር ዓይኗ ደም ይመስላል። ትንሹ ልጇ ቀሚሷን ይዞ አጠገቧ ያስላል።

ይህን የማነሳው ስለ ግብር ልጽፍ ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ በኋላ፣ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት በመብራት ላይ ቫት ይከፍላል። ሐሳቡ ይገባኛል። ብዙ የሚጠቀመው ሀብታም ነው ተብሎ ነው። ግን እስቲ እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይጠቀማል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር ወደ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። 1.5 ኪሎ ዋት የሆነ ስቶቭ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ 135 ነው። ድምሩ 195 ሆነ። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሩ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ከሰልና እንጨት እርግፍ አድርጎ የተወ አንድ ቤተሰብ ልክ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ምጣድ ሳይሰካም ሊያልፈው ይችላል። ቆጣሪው ሰው አይቆጥርም። ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚንር ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። በአንድ ቆጣሪ የሚኖር ድሃ እንደ ባለጠጋ ይከፍላል ማለት ነው።

ከሰሉስ? መንገድ ዳር በማዳበሪያ ይሸጣል፣ ቫት የሚባል ነገር አይነካውም። አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት በባህላዊው አከሳሰል ከአምስት ኪሎ እንጨት በላይ ይነዳል። የተራቆተው ተራራ፣ የሚታጠበው አፈር፣ የሕፃኑ ሳል ዋጋው ውስጥ የሉም። አርተር ፒጉ የተባለው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳሰበው ይህንኑ ነበር። ሌላው ሰው የሚሸከመው ጉዳት ዋጋው ውስጥ ካልገባ፣ ገበያው ጎጂውን ነገር ርካሽ ያደርገዋል። እኛ ጋ ብሷል። የሚያጨሰውን ትተን የማያጨሰው ላይ ታክስ ጨመርን። የአገራችን መብራት እኮ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ታዲያ ከሰል ይቀረጥ እያልኩ ነው? አይደለም። አሁን ቢቀረጥ ጎረቤቴን ነው የሚቀጣት፣ መሸሻ የላትም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1991 የካርቦን ታክስ ስትጥል ሕዝቧ ቤቱን የሚያሞቅበት ሌላ መንገድ ነበረው። ከከተማ ማሞቂያ ጣቢያ በቧንቧ የሚመጣ ሙቅ ውሃ ነበር፣ ናፍጣውን ትቶ ወደዚያ ዞረ። መጀመሪያ መሸሻው፣ ከዚያ ታክሱ።

የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር አልተቃወምኩም። የደሴ ኮምቦልቻ ታክሲ ሲጨምር እኔም ኪሴ ተጎድቷል። ግን ድጎማው አብዝቶ ለሚነዳው አብዝቶ የሚሰጥ ነበር። በዚያው 2014 ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከሚጣለው ተጨማሪ ታክስ) ነጻ አደረገ። ደግ ሥራ ነው። መኪና የሚገዛ ግን ስንት ሰው ነው? እንጀራ የማይበላ ቤትስ አለ? ያ እፎይታ ለምጣዱ፣ ለስቶቩ፣ ምጣዱ ውስጥ ለሚገባው የሽቦ ጥቅልል ጭምር ይታወጅ።

መብራቱስ እየጠፋ አይደል ወይ የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ምጣድ ላይ ግማሹ በስሎ ግማሹ ሊጥ ሆኖ የቀረ እንጀራ ያየ ሰው ከሰሉን አይጥልም። ስለዚህ ከመብራት የሚሰበሰበው ቫት ቢያንስ በከፊል ወደየሰፈሩ ትራንስፎርመር ይመለስ።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ቀላሉ ነገር ነው። የ200 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ጣሪያ በቆጣሪ ሳይሆን በቤተሰብ ይቆጠር። ተከራዩ ማን እንደሆነ ቀበሌው ያውቃል። በእኛ ግቢ አምስት ቤተሰብ ማለት 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ለአከራያችን በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እንዲህ ከሆነማ ትሰካ» አሉ።