ጥንታዊ ጌጥና ልብስ ስንገዛ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው

ለበዓል ወይም ለሠርግ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲመለስ ሻንጣውን የሚሞላው በበርበሬ፣ በሽሮና በአዲስ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። አሁን ከእነዚህ ጎን ለጎን አሮጌ ነገር የሚያሳድደው በርክቷል፤ የአያት ዘመን የብር መስቀል፣ አልቦ፣ ድሪ፣ በእጅ የተፈተለ ቀሚስ፣ የመንዝ በርኖስ። ፍላጎቱን አልነቅፍም፤ እኔም ከፈላጊዎቹ አንዱ ነኝ። የሚያሳስበኝ በዋጋው ላይ ያን ያህል እየተከራከርን፣ ዕቃው የማን እንደነበረና ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ከሱቅ መውጣታችን ነው።

ቀድሞ በአገራችን መገበያያ የነበረውን የማሪያ ቴሬዛን ብር እንውሰድ። ሻጩ በላዩ የተቀረጸውን 1780 እያሳየ የዕድሜው ምስክር ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ሲሆን፣ ገንዘቡ ከእርሷ ሞት በኋላም በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ያንኑ ዓመት ይዞ ሲታተም ኖሯል፤ ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ዕድሜን አያስረዳም። ከዚህ ይልቅ የሚረዳን ሚዛን ነው፤ ትክክለኛው ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፣ ከሺህ እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችን ይህንኑ እያቀለጡ መስቀልና አልቦ ስለሠሩበት፣ በጢስ ጠቁሮ አሮጌ የመሰለ ነጭ ብረት በጥንታዊ ጌጥ ዋጋ ሲቀርብልን ቢያንስ ማስመዘንና በሌላ አንጥረኛ ማስፈተሽ ነውር አይደለም።

በልብስ በኩል ነገሩ ይቀላል። የእጅ ፈትል ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ ከጫፉ አንድ ክር ተመዞ ቢቃጠል ጥጡ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ ይጠጥራል። ሽሮ ሜዳ በዶርዜ ሸማኔዎች እጅ የተሠራው ሸማ፣ ከውጭ ከሚገባው የጥለት ምስል ከታተመበት ሽፎን ጋር ጎን ለጎን በሚሸጥበት በዚህ ዘመን ይህን መለየት ለሸማኔውም ፍርድ ነው።

ስለ ቦንዳ ልብስ ብዙ አልልም። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ገበያው ሞልቷል፤ ከአሜሪካ ወጥቶ በኮንትሮባንድ የገባን የጂንስ ጃኬት «ቪንቴጅ» ብሎ ገዝቶ ወደዚያው አሜሪካ የሚመልስ ወገን ግን ያስገርመኛል።

ከሁሉም የሚከብደው ከአገር የማውጣቱ ጉዳይ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መስቀል ወይም የብራና ክታብ በሕጋዊ መንገድ ለገበያ እንዳልቀረበ መጠርጠር የገዢው ግዴታ ነው፤ ቦሌ ላይ ሲያዝ «አላወቅሁም» ማለት የተሰረቀውን ደብር አይክሰውም። በአንጻሩ ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸው ጌጦች፣ አልባሳት፣ ገንዘቦችና መጻሕፍት በራስ ተፈሪ ቤት፣ በሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ይታያሉ። የሐረሪ ብር ጌጥ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ እዚያ ገብቶ ዓይኑን ቢያለማምድ፣ ጀጎል ውስጥ የሚቀርብለትን በተሻለ ይመዝናል።

ይህ ሁሉ ሸክም በገዢው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። የጌጥ ነጋዴዎች ከዕቃው ጋር ክብደቱን፣ ማዕድኑን፣ የተገኘበትን አካባቢና እስከሚታወቀው ድረስ የቀድሞ ባለቤቱን የሚገልጽ ደረሰኝ ቢሰጡ፣ የቅርስ ባለሥልጣኑ መርማሪ ሥራ ይቀላል፣ ሐቀኛው ነጋዴም ከአጭበርባሪው ይለያል። ለዚህ ወረቀት ተጨማሪ ዋጋ ብጠየቅ ሳልከራከር እከፍላለሁ።