ማስተካከያ፦ የ1847ቱ «የአሥር ሰዓት ሕግ» ለሁሉም ሠራተኛ አልነበረም

ባለፈው ስለ እንግሊዝ ፋብሪካዎች ስጽፍ፣ በ1847 የወጣው ሕግ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) «የሁሉንም ሠራተኛ የሥራ ቀን በ10 ሰዓት ገደበ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሕጉ የሚመለከተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችንና ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ነው። አዋቂ ወንዶች አልተካተቱም። 10 ሰዓቱም ወዲያው አልመጣም፤ መጀመሪያ 11 ሆነ፣ ከሜይ 1848 ጀምሮ ነው 10 የሆነው። እርማቱ የተወሰደው ከሕጉ ከራሱና ከዘመኑ የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ሪፖርት ነው።

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም አይደለም። «ወንዶቹም አብረው በጊዜ ቤታቸው ይገቡ ነበር» ያልኩት አብሮ ይወድቃል። ሕጉ ማሽኑ የሚቆምበትን ሰዓት አልወሰነም። ስለዚህ አንዳንድ ባለፋብሪካዎች ሴቶቹንና ልጆቹን በፈረቃ ማገላበጥ ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30 እስከ ምሽቱ 2፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ አንዷ ጥቂት ትሠራለች፣ ትወጣለች፣ ደግሞ ትጠራለች። 10 ሰዓቷ ተቆራርጦ ቀኗን ሙሉ ይበላዋል። ወንዱ ግን ማሽኑ እስኪቆም እዚያው ነው። ተቆጣጣሪውስ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ እንዴት ብሎ ይቁጠር?

ቀዳዳውን ያጠበበው የ1850ው ሕግ ነው። የሴቶቹና የወጣቶቹ ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ወይም ከ1 እስከ 1 ሆነ፤ መሃል ላይ ለምግብ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰጠ። በነፃ ግን አልተገኘም፦ የሥራ ቀኑ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ከፍ አለ።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።